የጋራ ኮምፒውተሮች ላይ ሜኑው ከልክ በላይ ሞላ፤ ሳልሰርዝ እንዴት ላሳንሰው?

ጦሳ_ስር ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡20

እንዴት አመሻችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከደሴ ነው። አንድ የማንበቢያ ክፍል ውስጥ 11 ኮምፒውተር አለኝ። «አለኝ» ስል የኔ ሆነው አይደለም፤ ከፋቻቸውም ዘጊያቸውም ጠጋኛቸውም እኔ ስለሆንኩ ነው። ሁሉም ላይ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ተጭኗል። ራማቸው 4 ጊጋ የሆነ አሮጌ ማሽኖች ስለሆኑ ከዚህ የከበደ አይሸከሙም። ሰው ሁሉ «አንባቢ» በሚል አንድ አካውንት ይገባል፤ እኔ የአስተዳዳሪ አካውንት ለብቻዬ አለኝ።

ችግሬ ሜኑው ነው። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ የሰማውን ሁሉ ሲጭን ኖሯል። ተርሚናል 3 ዓይነት፣ የጽሑፍ ኤዲተር 4 ዓይነት፣ ፎቶ መመልከቻ 3። «አቫሂ ኤስኤስኤች ሰርቨር ብራውዘር» የሚባል አለ፤ ልጆቹ «ብራውዘር» የሚለውን ቃል ያዩና ኢንተርኔት መስሏቸው ይጫኑታል። ባዶ መስኮት ይመጣል። «ቲቸር፣ ኔትወርክ የለም» ይሉኛል። በቀን ስንት ጊዜ!

የትናንቱን ልንገራችሁ። አንድ አባት ማመልከቻ ሊጽፉ መጡ። በአንድ ጣትም ቢሆን የአማርኛ ትየባ ያውቃሉ። እኔ ሌላ ልጅ ዘንድ ስለነበርኩ «ሜኑው ውስጥ ሊብሬኦፊስ የሚለውን ይክፈቱ አባባ» ብዬ ተውኳቸው። ሊብሬኦፊስ የሚል ግን 7 አለ። እሳቸው «ማዝ» የሚለውን ከፈቱ። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ስመለስ ከታች ባለችው ጠባብ ሳጥን «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው ጀምረው ሦስት መስመር ሄደዋል። ከላይ ባለው ነጭ ገጽ ላይ ግን ቃላቱ እንደ ሰንሰለት ተያይዘዋል። «ልጄ፣ የዚህ ማሽን ክፍተት መስጫው ተበላሽቷል» አሉኝ፣ ቁልፉን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው እየተጫኑ። ቁልፉ ምንም አልሆነም። ማዝ የሒሳብ ቀመር መጻፊያ ነው፤ በቃላት መሀል ያለን ክፍተት ከምንም አይቆጥርም። በጣም አፈርኩ።

ልሰርዝ ብዬም ነበር። አንዱን ፕሮግራም መርጬ «አጥፋ» ስለው አብረው የሚወጡትን ሲዘረዝርልኝ የዴስክቶፑን ዋና ፓኬጅ ስም እዚያ ውስጥ አየሁ። ደንግጬ ዘጋሁት። ሳልሰርዝ ከሜኑው ብቻ ማስወገድ ይቻላል? ከ11ዱም?

የቦርከና_ልጅ ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡41

እታለም፣ ይሄ ቀላል ነው። ሜኑሊብሬ የሚባለውን ጫኚ። ክፈቺው፣ የማትፈልጊውን ምረጪ፣ ከሜኑ የሚደብቅ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ እሱን አብርተሽ አስቀምጪ። ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ ትጨርሺዋለሽ።

ጦሳ_ስር ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6፡05

ማሽን 7 ላይ ሞከርኩት። በኔ አካውንት ጠፋልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ በ«አንባቢ» ስገባ ሁሉም እንዳለ ነው። እንደገና በ«አንባቢ» ገብቼ ማዝን ደበቅኩ። ቆይቼ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪዎች ቢፈልጉትስ ብዬ መልሼ አወጣሁት። እንዲህ እየተጫንኩ ለ11 ማሽን? ቶናው አይደለም፣ በረካውም አልፎ ሲኒው ይታጠባል።

ወልዲያ_ቢት ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡30

የቦርከና ልጅ ያለው ስህተት የለውም፤ ግን ለግል ኮምፒውተር ነው። ሜኑሊብሬ የሚጽፈው በገባሽበት ሰው የቤት ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። ለዚህ ነው አንዱ ጋ ጠፍቶ ሌላው ጋ የቀረው።

ሜኑው እንዴት እንደሚሠራ አንዴ ካየሽው ቀሪው ይቀልሻል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲጫን «ዶት ዴስክቶፕ» የሚል ቅጥያ ያላት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። ስሙ፣ አዶው፣ የሚያስነሳው ትእዛዝ፣ የሚመደብበት ክፍል፣ የሚከፍታቸው የፋይል ዓይነቶች እዚያ ውስጥ ተጽፈዋል። ሜኑው እነዚህን ፋይሎች እያነበበ ራሱን ይሰበስባል። ደንቡ የፍሪዴስክቶፕ ነው። ይህ ፕሮጀክት በፈረንጆቹ 2000 የተጀመረ ሲሆን ግኖምም ኬዲኢም ኤክስኤፍሲኢም የሚባሉት ዴስክቶፖች በአንድ ሥርዓት እንዲሄዱ ታስቦ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምትሠሪው ነገ ዴስክቶፕ ብትቀይሪም አይባክንም።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ሜኑው መጀመሪያ የሚያየው የተጠቃሚውን ፎልደር ነው፦ ሆም ውስጥ፣ ዶት ሎካል፣ ሼር፣ አፕሊኬሽንስ። ቀጥሎ /ዩኤስአር/ሎካል/ሼር/አፕሊኬሽንስ። መጨረሻ ላይ ፓኬጆች የሚጽፉበት /ዩኤስአር/ሼር/አፕሊኬሽንስ። ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ሁለት ቦታ ከተገኘ ቀድሞ የታየው ያሸንፋል፤ የኋለኛው እንደሌለ ይቆጠራል።

እንግዲህ አንቺ የምትፈልጊው መካከለኛውን ነው። የመጨረሻውን ብትነኪ በሚቀጥለው አፕዴት ፓኬጁ ፋይሉን እንደ አዲስ ይጽፈውና ልፋትሽ ከንቱ ይሆናል። የመጀመሪያው የአንድ ሰው ብቻ ነው። ሎካል የተባለው ግን ለሁሉም ተጠቃሚ ይሠራል፣ ፓኬጅም አይደርስበትም። ፎልደሩ ከሌለ ፍጠሪው። የማዝን ፋይል ስሙን ሳትቀይሪ ወደዚያ ቅጂ፣ በቅጂው ውስጥ «ኖዲስፕሌይ እኩል ይሆናል ትሩ» የሚል መስመር ጨምሪ። በቃ። ኦሪጅናሉ አልተነካም፤ ሐሳብሽን ስትቀይሪ ቅጂውን ታጠፊያለሽ።

የትኛው ፋይል የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ካጠራጠረሽ ሜኑው ላይ በሚታየው ስም በግሬፕ (ፋይሎች ውስጥ ቃል በሚፈልገው ትእዛዝ) ፈልጊው። የአቫሂው ለምሳሌ «ቢኤስኤስኤች ዶት ዴስክቶፕ» ነው፣ በፋይሉ ስም ብቻ አታገኚውም።

(ስልኬ ላይ ያለው ኪቦርድ የአማርኛ ብቻ ነው። በፊደላችን የጻፍኩትን ስትተይቡ ወደ ላቲን መልሱት።)

ባቲ_ሰኞ ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡52

አሰላሙ አለይኩም። የኛ ሰፈር ልጅ ሜኑዋን አይታ «እንደ ባቲ ገበያ ተተራመሰ» ብትል ኖሮ እከሳት ነበር። ባቲ ሰኞ ግመሉ ለብቻው ነው፣ ፍየሉ ለብቻው፣ እህሉ ለብቻው። ግመል ሊገዛ የመጣ ሰው ጤፍ መሀል ቆሞ አይውልም። ይሄ ሊኑክስ ያላችሁት ነገር ከባቲ ይማር።

የቦርከና_ልጅ ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 2፡10

ወልዲያ፣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት፣ እኔ ተሳስቼበታለሁና። «ኖዲስፕሌይ» እና «ሂደን» አንድ አይደሉም።

ድሮ የምሠራበት አንድ ቦታ 8 ማሽን ነበረ። ፒዲኤፍ ማንበቢያውን ኤክስሪደርን ከሜኑ ላውጣው አልኩ፤ ማንም ከሜኑ አይከፍተውም፣ ሰው ፋይሉን ራሱን ነው ሁለቴ የሚጫነው። ልክ ነው። ግን «ሂደን እኩል ይሆናል ትሩ» ብዬ ጻፍኩ፤ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ያው «የተደበቀ» አይደል? በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሠራተኛ የደብዳቤ ፒዲኤፍ ስትከፍት ሊብሬኦፊስ ድሮው (ሥዕል መሥሪያው) መጣ። ፊደሉ ተበታትኗል፣ ማኅተሙ ወደ ጎን ተንሸራቷል፣ ፊርማው ከጽሑፉ በላይ ወጥቷል። ከዚያም የባሰ፣ ሳታውቀው «አስቀምጥ» ብላ ነበር። ደብዳቤውን እንደገና ማስላክ ግድ ሆነ። እስከ ምሳ ሰዓት ቫይረስ ነው ተብሎ ሲወራ እኔም አብሬ ቫይረስ ስፈልግ ነበር።

«ሂደን» ማለት «ይህ ፕሮግራም የለም፣ እንደ ተሰረዘ ቁጠረው» ማለት ነው። የሚከፍታቸውን የፋይል ዓይነቶች ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ፒዲኤፉም ባለቤት ሲያጣ ቀጥሎ ያለው አነሳው፤ እሱም ፒዲኤፍ እከፍታለሁ ባይ ነው። «ኖዲስፕሌይ» ግን «አለ፣ ሜኑ ላይ ግን አታሳየው» ነው። እኛ የምንፈልገው እሱን ነው።

ወልዲያ_ቢት ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 2፡18

ትክክል። በዚሁ ምክንያት አቋራጭ ፈልገው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ያላት ፋይል በዚያ ስም የሚፈጥሩ አሉ። እሱም የፋይል ዓይነቶቹን ያጠፋል። ሙሉውን ቅዱ።

ሐይቅ_ዳር ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3፡00

እኔ ከሐይቅ ነኝ፣ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው፣ የኮምፒውተር ላቡም (ቤተ ሙከራው) በኔ ሥር ነው። ሁላችሁም «እንዴት» ላይ ናችሁ። «ለምን» ላይ ጥያቄ አለኝ።

ፓይተንን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋውን) እንዴት እንደተማርኩ ታውቃላችሁ? ሜኑ ላይ «አይድል» የሚል አየሁ። ምን እንደሆነ አላውቅም። ከፈትኩት። ሦስት ቀስት ወደ ቀኝ የሚያመለክቱ ምልክቶች መጡና ዝም አሉ። 2 ሲደመር 2 ብዬ ጻፍኩ፣ 4 አለኝ። ደነገጥኩ። 17 ሲባዛ 23 አልኩት፤ መለሰ። ያን ቀን ቤት የገባሁት መሽቶ ነው። ያ አይድል ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አልጽፍም ነበር። ለአንድ አባት ስትሉ ለመቶ ልጅ በር እየዘጋችሁ እንዳይሆን።

ጦሳ_ስር ኅዳር 11፣ ከቀኑ 7፡40

መምህርት፣ አልዋሽሽም፣ ያልሽው ሌሊት ሲያሳስበኝ አደረ። ግን የኔ ክፍል ላብ አይደለም። ሰው የሚመጣው ጉዳይ ይዞ ነው፤ ማመልከቻ፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የቤት ሥራ። ተራ የሚጠብቅ ከኋላው አለ። እዚያ ወንበር ላይ የጠፋ 15 ደቂቃ የሌላ ሰው 15 ደቂቃ ነው።

ሐይቅ_ዳር ኅዳር 11፣ ከቀኑ 8፡15

እሱስ እውነት ነው። እኔ ጋ ወረፋ የለም።

ወልዲያ_ቢት ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1፡05

ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ አለ። ሎካል ውስጥ የምታስቀምጡት ቅጂ ለሁሉም ተጠቃሚ ነው፤ «ለዚህ አሳይ፣ ለዚያ ደብቅ» ማለት ከፈለጋችሁ ግን የፋይል ፈቃድን ተጠቀሙ። ማለትም «ተማሪ» የሚል ግሩፕ ፍጠሩና የአይድልን ዶት ዴስክቶፕ ፋይል ባለቤቱን ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ)፣ ግሩፑን ተማሪ፣ ፈቃዱን 640 (ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ግሩፑ ያነባል፣ ሌላው ምንም) አድርጉት። ግሩፑ ውስጥ ያልሆነ ሰው ፋይሉን ማንበብ ስለማይችል ሜኑው ላይ አይመጣለትም። ይህን በቀጥታ በሲኤችሞድ (ፈቃድ በሚቀይረው ትእዛዝ) ካደረጋችሁ በአፕዴት ጊዜ ይመለሳል። ዲፒኬጂ-ስታትኦቨርራይድ በሚባለው መዝግቡት፤ ያን ጊዜ ፓኬጁ ሲታደስ የእናንተ ፈቃድ ይጠበቃል።

ይህን ሁሉ ስናደርግ ግን ማንም «ቆለፍኩት» እንዳይል። ከሜኑ የጠፋ ፕሮግራም ኦልትና ኤፍ2 ተጭኖ ስሙን ለሚጽፍ ሰው ይነሳል። ጂፓርትድ (ዲስክ መከፋፈያው) ዲስክ እንዳያጠፋ የሚጠብቃችሁ የይለፍ ቃሉ ነው፣ መደበቃችሁ አይደለም።

አባ_ፊደል ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 3፡22

እንዴት ናችሁ ልጆቼ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ መርሳ ነው የምኖረው፣ ሊኑክስን የጀመርኩት ከጡረታ በኋላ ነው። ስለ ኮማንዱ እናንተ ትበልጡኛላችሁ። አንድ ነገር ግን ልበል።

የደሴዋ ልጄ፣ ማዝን የደበቅሽው ስለተናደድሽ፣ የመለስሽው ስለተጠራጠርሽ ነው። ሁለቱንም ያደረግሽው ሰዎቹ ምን እንደሚከፍቱ ሳታዪ ነው። ደብተር ግዢ። አንድ ሳምንት ሙሉ ማን ምን ከፈተ ብለሽ በጭረት በጭረት መዝግቢ። በስህተት የተከፈተውን ለብቻ ጻፊ። ከዚያ ደብተሩ ራሱ ይነግርሻል። እኛ ፈተና ስናወጣ ከባዱን ጥያቄ የምንለየው እንደዚያ ነበር፤ እኛ ከባድ የመሰለንን ሳይሆን ልጆቹ የሳቱትን።

ጦሳ_ስር ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 3፡40

ጋሼ፣ ዛሬውኑ እገዛለሁ። ይልቅ ሱቁ ሳይዘጋ!

ጦሳ_ስር ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 1፡15

ተመለስኩ። ሰኞ ገበያ ቀን ሰው ስለበዛ ጭረቱ ትንሽ ሊሳሳት ይችላል፣ ግን ይኸው።

ሰው አውቆ የሚከፍተው፦ ፋየርፎክስ፣ ራይተር፣ ካልክ፣ ፋይል ማኔጀር፣ ካልኩሌተር። ያልጠበቅኩት ደግሞ ቱክስ ፔይንት (የልጆች ሥዕል መሳያው) ነው፤ ሕፃናት ቅዳሜ ከእናቶቻቸው ጋር ሲመጡ ከሱ ሌላ አያውቁም። እኔ መጀመሪያ ልደብቀው ካሰብኳቸው አንዱ እሱ ነበር። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

በስህተት የሚከፈተው አንደኛ አቫሂ ነው፣ ሁለተኛ «ኢሜጅማጂክ» የሚባለው፤ ፎቶ መመልከቻ መስሏቸው ይከፍቱትና በአስማተኛ ሥዕል የተሞላ መስኮት ይመጣባቸዋል፣ ሜኑውን እንዴት እንደሚያገኙት ግራ ይገባቸዋል። ሦስተኛ ማዝ። የሒሳብ አስተማሪ ማዝን የከፈተ አንድም የለም።

ከ60 በላይ ከሆነው ዝርዝር 14 ብቻ ሜኑው ላይ እንዲቆዩ ወስኛለሁ። ፒዲኤፍ ማንበቢያውንም አልደብቀውም፣ የቦርከና ልጅ አስፈራርቶኛል። አንድ በአንድ ከመክፈት የሚያድን መንገድ አለ?

የቦርከና_ልጅ ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 1፡34

አለ እንጂ። የፋይሎቹን ስም በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ደርድሪ፣ አንድ በአንድ ወደ ሎካል ይቅዳ፣ ከዚያ በኤኮ (ጽሑፍ በሚያወጣው ትእዛዝ) «ኖዲስፕሌይ እኩል ይሆናል ትሩ» የምትለውን መስመር በየፋይሉ መጨረሻ ይጨምር። አራት መስመር ስክሪፕት ነው። በውስጥ ልኬልሻለሁ።

ጦሳ_ስር ኅዳር 20፣ ከቀኑ 5፡50

አቫሂ ጠፋ፣ ኢሜጅማጂክ ጠፋ፣ ተርሚናሎቹ ጠፉ። ማዝ፣ ቤዝና ድሮው ግን ፍንክች አላሉም። ሎካል ውስጥ ገብቼ አየሁ፣ ፋይሉም አለ፣ መስመሩም አለ። ፓነሉንም (ሜኑው ያለበትን አሞሌ) እንደ አዲስ አስነስቼ አየሁ፣ ወጥቼም ገባሁ። ያው ናቸው።

ወልዲያ_ቢት ኅዳር 20፣ ከቀኑ 6፡30

የማዝን ፋይል ከላይ እስከ ታች አንብቢ። ከላይ በካሬ ቅንፍ «ዴስክቶፕ ኢንትሪ» የሚል አለ። ወደ ታች ስትወርጂ ደግሞ በካሬ ቅንፍ «ዴስክቶፕ አክሽን» ብሎ የሚጀምር ሌላ ክፍል ታገኛለሽ፤ በቀኝ ክሊክ ላይ የሚመጣው «አዲስ ሰነድ» የሚለው ነው። ስክሪፕቱ መስመሯን መጨረሻ ላይ ሲጨምር የገባችው በዚህ በታችኛው ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ትርጉም የላትም። የአቫሂ ፋይል አክሽን የሚባል ክፍል ስለሌለው መጨረሻውም ያው ዋናው ክፍል ነው፤ በዕድል ሠራልሽ።

በኤኮ አትጨምሪ። ዴስክቶፕ-ፋይል-ዩቲልስ በሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ዴስክቶፕ-ፋይል-ኤዲት የሚል ትእዛዝ አለ። ሴት-ኪ ብለሽ «ኖዲስፕሌይ»፣ ሴት-ቫልዩ ብለሽ «ትሩ» ስትሰጪው ራሱ ትክክለኛው ክፍል ውስጥ ያስገባዋል።

የቦርከና_ልጅ ኅዳር 20፣ ከቀኑ 6፡41

አፈር ልብላ። እኔ ጋ ለዓመታት «አንዳንዱ አይሰማም» እያልኩ በእጄ ስጽፍ የኖርኩት ለዚህ ነው ማለት ነው።

ጦሳ_ስር ኅዳር 20፣ ከቀኑ 10፡20

ሠራ!! በፍላሽ እያዞርኩ 4 ማሽን ጨረስኩ፣ ከዚያ መብራት ሄደ። ነገ እቀጥላለሁ።

ወልዲያ_ቢት ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 1፡00

በፍላሽ ስታዞሪ ተጠንቀቂ። ፍላሾች አብዛኛውን ጊዜ ፋት32 በሚባለው የፋይል ሥርዓት የተዘጋጁ ናቸው፤ የሊኑክስን ፈቃድ አይዙም። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ከገለበጥሽ በኋላ ፋይሎቹን ሁሉም እንዲያነባቸው 644 አድርጊያቸው። ወይም በታር ጠቅልለሽ ውሰጂው፣ ፈቃዱ ውስጡ ይቀመጣል።

ጦሳ_ስር ኅዳር 21፣ ከቀኑ 9፡10

10 ማሽን አልቋል። ማሽን 7 ግን ማዝን አልለቅም ብሎ ሞተ። ፈቃዱ 644 ነው፣ መስመሩ ትክክለኛው ክፍል ውስጥ ነው። ከማሽን 6 ጋር አስተያየሁት፣ አንድ ፊደል ልዩነት የላቸውም። ወላጆቼ ይሙቱ ይሄ ማሽን ይጠላኛል።

አባ_ፊደል ኅዳር 21፣ ከቀኑ 9፡45

ልጄ፣ መጀመሪያ ሜኑሊብሬን የሞከርሽው የትኛው ማሽን ላይ ነበር?

ጦሳ_ስር ኅዳር 21፣ ከቀኑ 9፡52

...7።

በ«አንባቢ» ገብቼ ማዝን ደብቄ መልሼ አውጥቼዋለሁ። ሆም፣ ዶት ሎካል፣ ሼር፣ አፕሊኬሽንስ ውስጥ አየሁ። ቁጭ ብሏል። «ኖዲስፕሌይ እኩል ይሆናል ፎልስ» ይላል። ወልዲያ ሲነግረኝ የተጠቃሚው ፎልደር ይቀድማል ብሎኝ ነበር እኮ! ሰረዝኩት፤ ማዝ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ጋሼ፣ እርስዎ ኮማንዱን አላውቅም ይላሉ፣ ዋሽተዋል።

ባቲ_ሰኞ ኅዳር 21፣ ከምሽቱ 2፡00

ማሻአላህ። እዚያው ፎልደር ውስጥ ሳለሽ «ዋይን» የሚል ንዑስ ፎልደር ካለ ተመልከቺ። እኔ የዊንዶውስ ፕሮግራም ላስኬድ ብዬ ጭኜው ነበር፤ ፕሮግራሙን ካጠፋሁት በኋላም ሜኑው ላይ ሬሳው ቀረ። «ዋይን-ኤክስቴንሽን» ብለው የሚጀምሩ ፋይሎችም ትቶ ነበር። ተራ የጽሑፍ ፋይል ስከፍት የዊንዶውስ ኖትፓድ ይመጣብኝ የነበረው በነሱ ነው። ከስሙ ጀምሮ ለኛ ቤት የሚሆን አልነበረም።

ጦሳ_ስር ኅዳር 22፣ ከጠዋቱ 4፡30

ሌላ ነገር አምሮኛል። የቀሩትን 14 ስማቸውን በአማርኛ ባደርግስ? «ሊብሬኦፊስ ራይተር» ከማለት «ጽሑፍ መጻፊያ»።

ወልዲያ_ቢት ኅዳር 22፣ ከጠዋቱ 4፡55

ይቻላል። ያው ሎካል ውስጥ ባለው ቅጂ «ኔም» ከሚለው ቀጥሎ በካሬ ቅንፍ «ኤኤም» ብለሽ፣ እኩል ይሆናል፣ የአማርኛውን ስም ጻፊ። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ይቀመጥ። ግን የሚታየው የሲስተሙ ቋንቋ አማርኛ ከሆነ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ካለ ዋናውን «ኔም» ራሱን መቀየር አለብሽ።

ሐይቅ_ዳር ኅዳር 22፣ ከጠዋቱ 5፡20

እዚህ ላይ እከራከራለሁ። «ጽሑፍ መጻፊያ» ብለሽ ያስተማርሽው ልጅ ነገ ሌላ ቢሮ ሄዶ «ራይተር ክፈት» ሲሉት ወይም ዊንዶውስ ላይ «ወርድ» ሲሉት ምን ይላል? ስሙ የሥራው አካል ነው።

አባ_ፊደል ኅዳር 22፣ ከቀኑ 6፡10

ሁለቱንም ጻፉት። «ራይተር፣ ጽሑፍ መጻፊያ»። ሰሌዳ ላይ «ትሪያንግል» ብለን ጽፈን ከጎኑ «ሦስት ማዕዘን» እንል አልነበረም?

ጦሳ_ስር ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 1፡40

እንደ ጋሼ አደረግኩት። ለአጫጭሮቹ ቦታ ይበቃል፣ ለፋይል ማኔጀሩ «ፋይሎች» ብቻ አልኩት።

አንድ ቀርቶኛል። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ጂምፕን (ፎቶ ማስተካከያውን) በፍላትፓክ፣ ከሲስተሙ ፓኬጆች ተለይቶ በሚጭነው መንገድ ነበር የጫነው። እንደሌሎቹ ቀድቼ፣ ስሙን ሳልቀይር፣ ሎካል ውስጥ አስቀመጥኩ። አይጠፋም።

ወልዲያ_ቢት ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 2፡05

ፍላትፓክ የራሱን ፎልደር ከሎካል በፊት ያስገባል፤ /ቫር/ሊብ/ፍላትፓክ ሥር ባለው ኤክስፖርትስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሎካል እሱን አይቀድመውም። ኤክስፖርትስ ውስጥ ያለውን አትንኪው፣ ሲታደስ ይመለሳል። ያንቺ ተጠቃሚ አንድ ስለሆነ ለዚህች ብቻ ቅጂውን በ«አንባቢ» የቤት ፎልደር፣ ማሽን 7ን ያስቸገረሽ ቦታ ላይ አስቀምጪው። እሱ ሁሉንም ይቀድማል።

ጦሳ_ስር ኅዳር 25፣ ከቀኑ 8፡30

ጠፋ። ማሽን 7 ያስለቀሰኝ ፎልደር ለጂምፕ ጠቀመኝ።

እኚያ አባትም ዛሬ መጥተው ነበር፣ ሌላ ማመልከቻ። ራይተርን ራሳቸው ከፈቱት፣ ሩቅ ሆኜ አየኋቸው። ጽፈው ሲጨርሱ ጠሩኝ፤ ማተሚያዎቹ 4 ሆነው ይመጣሉ፣ የሚሠራው አንድ ነው። እሱን በሌላ ክር እከፍታለሁ፣ የቦርከና ልጅ እንዳትጠፋ።